ለስቶያን የተፋቀው ብራና

ከጋይንት ከተመለስኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ የቀኝ ጫማዬ ግን እስካሁን በሲባጎ እንደታሰረ አልጋዬ ሥር አለ። ልጥለው ባነሳሁት ቁጥር እጄ እምቢ ይለኛል። ሰው ሲጠይቀኝ «ለሥራ ሄጄ ነበር» ብዬ አልፈዋለሁ። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ልናገር። ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ከወዲሁ ልናገር፤ አለዚያ መሀል ላይ ስደርስ እንደምደብቀው ራሴን አውቀዋለሁ።

ሮማን እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ጉለሌ ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁት ስቶያን ከሚባል የቡልጋሪያ ሰው ጋር ነበር። እሱ የድርጅቱ ባለቤት፣ እኔ አስተርጓሚና ጉዳይ አስፈጻሚ። አዲስ አበባ የመጣው የማተሚያ ማሽን ሊጠግን፣ ለሦስት ወር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ብራና አየና ልቡ ሸፈተ፤ ሦስቱ ወር ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በነሱ አገር ፊደል አሳምረው በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ፤ የሰርግ ጥሪና የክብር ወረቀት ይጽፋሉ፤ ንጹሕ ብራናም አጥብቀው ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ደግሞ የሚፍቁት አሉ። ስቶያን መሀል ገብቶ ነጋዴ ሆነ።

በሰው አገር መነገድ ምን እንደሚመስል ያየሁት በሱ ነው። ቢሮ ስንገባ ቶሎ ብለው ወንበር ያቀርቡለታል፤ ጉዳዩን ግን አይጨርሱለትም። እኔን «ነገ ተመለሺ» ሲሉኝ እሱን በትሕትና «ከሰዓት በኋላ ይመለሱ» ይሉታል፤ ሁለታችንም የምንመለሰው ነገ ነው። አከራዩ፣ ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም «ፈረንጁ» ነው የሚሉት። ክፋት የለባቸውም፤ ለበዓል ቂጣም ዳቦም ይልኩለታል፤ ስሙን ግን የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮ ነገሩ ቁርጥ ሆነ። እስከ ኅዳር መጨረሻ አንድ ጭነት ወደ ውጭ መላኩን ካላሳየ የሥራ ፈቃዱ አይታደስም ተባለ፤ ካልታደሰ ሻንጣ ማሰር ነው። መጋዘን የነበረው ብራናችን ክረምቱን ዝናብ ገብቶበት ሻግቷል። የቀረን ጋይንትና ሲማዳ ያዘዝነው አርባ ብራና ብቻ ነው። ሃያው ቤተ ልሔም፣ የኔታ ጥበቡ ዘንድ፤ ሃያው ወገዳ፣ የእሳቸው ተማሪ የነበሩት መሪጌታ አዳነ ዘንድ። ለአንድ ጭነት ሃያውም ይበቃናል።

ትእዛዙን በስልክ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። የኔታ «ለምን ሊሆን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። የማንም የሰርግ ጥሪ ሊጻፍበት ነው ብላቸው እሺ የሚሉኝ አልመሰለኝም። «ለመጽሐፍ ነው» አልኳቸው። «የማን መጽሐፍ?» «የስቶያን።» ስሙን ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

መንገድ መከፈቱን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስቱም «ለጊዜው» ካሉኝ በኋላ ተነሳን። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ ደብረ ታቦር በሚኒባስ። ወረታን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሆዴም ተገለበጠ። ስቶያን መስኮቱን ከፍቶ ፌስታል ያዘልኝ። ባለቤት ለሠራተኛው ፌስታል የሚይዝበት ሌላ መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ደብረ ታቦር ያረፍንበት ሆቴል ሞቅ ያለ መብራት እንጂ ውኃ አልነበረውም። እንግዳ ተቀባዩ የስቶያንን ፓስፖርት ገጽ በገጽ አገላብጦ «ከየት ነው?» አለኝ፤ እሱ አማርኛ እንደሚሰማ እየነገርኩት እንኳን የሚጠይቀው እኔን ነው። «ቡልጋሪያ» አለ ስቶያን ራሱ። «ሰፈሩን ነው?» አለ ልጁ ሳቅ ብሎ። ስቶያንም ሳቀ፤ ከዚያ እራት ላይ፣ አዲስ አበባ የገባ ሰሞን ቡልጋሪያ ሰፈር የሚባል መኖሩን ሰምቶ ያገሩን ሰው ፍለጋ አንድ ቅዳሜ ሙሉ እንደዞረ አጫወተኝ። ያገኘው ጋራዥና ዳቦ ቤት ነበር። ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ።

ሁለተኛው ቀን

በጠዋት ወደ ነፋስ መውጫ። ብርዱ ስሙን የሚያስከብር ነው፤ ጉለሌ ብርድ አለ የምል ሰው አፈርኩ። ከዚያ በአይሱዙ ጋቢና ተጣብበን ወረድን፤ መኪናው የማይገባበት ላይ ስንደርስ በእግር። ግራና ቀኝ ገብስ እየታጨደ ነው። አጫጆቹ ቀና እያሉ ስቶያንን ያያሉ፣ ሰላምታ ይሰጡናል፣ ካለፍን በኋላም ያዩናል።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን የጫማዬ ሶል ቦጭ ብሎ ወለቀ። ከማሳው ዳር አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። ጫማውን አገላብጠው አዩና፣ «ይኸን ለመንገድ ብለሽ ነው የገዛሽው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ሻጩ ቀልዶብሻል» አሉና ከነዶ ማሠሪያቸው ሲባጎ ቆርጠው ከተረከዝ እስከ ጫፍ ጠፈሩልኝ። ስቶያን ሊያመሰግናቸው እጁን ሲዘረጋ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ልብ ብዬ ሳስበው፣ ከዚያ ወዲያ ያ ጫማ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ቤተ ልሔም ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የኔታ ጥበቡ ከደብሩ በታች ባለች የሣር ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ጠበቁን፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣታቸው በቀለም የጠቆረ። ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ውኃ አሙቀው የእንግዳ እግር ሊያጥቡ ተቀመጡ። ስቶያን እግሩን ሰበሰበ። «አይሆንም፣ እናቴ» አለ። እማማ ዘውዴ ግን ቁርጭምጭሚቱን ያዝ አድርገው «የሩቅ ሰው ነህ፤ አቧራው ይውረድልህ» አሉት። ሲያጥቡት ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር፤ ያለቀሰ መሰለኝ፤ አልጠየቅኩትም።

የኔታ ስለ ብራናው ሳነሳባቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «ዛሬ እንግዳ ናችሁ። ሥራ ነገ ነው።» የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ የባቄላ አሹቅ፣ ኮረፌ የሚሉት የገብስ ጠላም በየመሀሉ ቀረበልን። መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎልን ተኛን። ስቶያን አያቱ ቤት እንዲህ ያለ መደብ እንደነበረ ነገረኝ፤ ቁንጫው ግን የጋይንት ብቻ ነው አለ።

ሦስተኛው ቀን

ከቅዳሴ መልስ የኔታ በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለውን አወጡ። የመጀመሪያውን ብራና ጀርባውን አሳዩን። ብዙ ብራና አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። የፍየል ሌጦ መሆኑን የሚያሳብቅ አንድ ሥር፣ አንድ ቀዳዳ የለበትም፤ ለብርሃን ሲያነሱት እጃቸው ከበስተጀርባው ይታያል። ስቶያን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰውና ዐይኑን ጨፈነ። ተረፍን አልኩ በልቤ።

ከዚያ ገለበጡት።

ከላይ በቀይ ቀለም «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ይላል። ከሥሩ በጥቁር ሁለት መስመር። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እንደዚያው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ሃያውም እንደዚያው ነው። 

«የኔታ፣ ይኼ ጽሑፍ…» አልኩ።

«የመጽሐፍ ብራና ራቁቱን ከቤቴ አይወጣም፣ ልጄ» አሉ። «ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ ከየትም ይሁን፣ ከአምላክ ስም በታች ይቀጥልበታል። መጽሐፉ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ይጸለይለታል። ለዚህ ነው ስሙን ያስደገምኩሽ።» ጣታቸውን በጥቁሩ መስመር ላይ እየሳቡ አነበቡልን። «ዝንቱ ብራና ዘገብርከ ስቶያን። ዕቀቦ በብሔረ ባዕድ። ይኸ ብራና የአገልጋይህ የስቶያን ነው፤ በሰው አገር ጠብቀው ማለት ነው። ሃያውንም በጾም ነው የጻፍኩት።»

ስቶያን ፊደል ያነባል፤ ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ሳይነካ፣ ከላይ ከላይ እየተከተለ፣ ስሙን አነበበ። «ስ፣ ቶ፣ ያ፣ ን» አለ። «ትክክል ነው።» ቢሮ ውስጥ አንዴ ስቶይን፣ አንዴ እስጦያን፣ አንዴም ስቴቨን ተብሎ የተጻፈ ሰው ነው።

እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነበር። የተጻፈበት ብራና ለፊደል ጸሐፊዎቹ አይሆንም። የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት ቆዳ ከአገር እናውጣ ብንል ደግሞ ቅርስ ነው ተብሎ ይያዛል። እንደ ዘበት አድርጌ «የኔታ፣ ቀለም ይፋቃል አይደል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስሕተት ይፋቃል» አሉ። «የእግዚአብሔር ስም ግን አይፋቅም።» ፊታቸውን ሳይ ዳግመኛ ለመጠየቅ አፍ አጣሁ።

በእንግሊዝኛ «ልንገራቸው» አልኩት ስቶያንን። «እውነቱን ልናገርና ይቅርታ ልጠይቅ።» እሱ ብራናዎቹን አንድ ባንድ መልሶ እየደረደረ ነበር። «እንዳትነግሪያቸው» አለኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ተነስቶ የየኔታን ጉልበት ሳመ። ይኼን ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። እማማ ዘውዴ «ምግባችን አልስማማሽም» እያሉ ሲጨነቁ ይባስ አፈርኩ። አንዲት ቃል፣ ታክሲ እየጠበቅኩ የተናገርኳት፣ አንድን ሽማግሌ ስንት ቀን በጾም አጎንብሳ አስቀመጠች።

አራተኛው ቀን

ተስፋችን ወገዳ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ስለዚህ መሪጌታ አዳነ ጽፈውበት እንደሆነ መደወል አልቻልንም። ሃያውን ብራና ተሸክመን ወደ አርብ ገበያ ወጣን፤ ከዚያ የሲማዳ መኪና አገኘን። መንገዱን መንገድ ማለት ይከብደኛል። አንድ ቁልቁለት ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማው ደግሞ ቀድሞ የፈነዳው ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ተሳፋሪው ቆሎውን እየዘገነ ለኛ ያድላል፤ አንዲት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ለስቶያን አለበሱት።

ጋቢ ያለበሱት ሴትዮ ግን ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይኸ ሰውዬ ምን ሊወስድ ነው የመጣው? ወርቅ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ታቦት ነው?» አልዋሽም፤ ደሜ ፈላ። «ምንም» አልኩ። ስቶያን ግን ሰምቷል። «የፍየል ቆዳ ነው፣ እናቴ» አላቸው። ሳቁ። «ለፍየል ቆዳ ይኸን ሁሉ መንገድ?» አሉ፤ አላመኑትም። ጋቢውንም ግን አልወሰዱበትም።

ወገዳ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። መሪጌታ አዳነ ገበያው አጠገብ ቆርቆሮ ቤት አላቸው፤ በኔ ዕድሜ ገደማ የሚሆኑ፣ ፈገግታ የማያጡ ሰው። ሰላምታ እንኳን ሳልጨርስ «ብራናው ላይ ጽፈዋል?» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ይቅር በይኝ እኅቴ፤ አልጻፍኩም። የኔታ ጻፍ ብለው ልከውብኝ ነበር፤ የባለቤቱን ስም በቃል ያመጣልኝ ሰው ግን ሁለት ዓይነት አድርጎ ነገረኝ። አሳስቼ ከምጽፍ ብዬ ስልክ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ዛሬ ልጻፍላችሁ፤ ቀለሙ ተዘጋጅቷል።»

ሃያውም ባዶ ነው። የየኔታን ያህል አይነጣም፤ ግን ንጹሕ ነው። እንደ ሕፃን እንባዬ መጣ። ከዚያ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሰርግ ጥሪውን፣ ውሸቴን፣ ፈቃዱን። ከመሪጌታ ስድብ ጠብቄ ነበር። «የኔታ እንዳይሰሙ» ብቻ አሉ። «ዐይናቸው እየደከመ ነው። ከዚህ ወዲያ ብራና የሚፍቁም አይመስለኝ። እንደ መጨረሻ ሥራቸው ነው የያዙት።» የተጻፈባቸውን ሃያዎቹን እሳቸው ዘንድ እንድንተው ተስማማን፤ ኬላ ላይ እንዳያስይዙን። ስቶያን ራሱ ጠቅልሎ አስረከባቸው። የከተማዋ ፔንሲዮን አልጋ የለም ስላለን እዚያው አደርን፤ መሪጌታ አልጋቸውን ለቀው ወንበር ላይ ተኙ።

አምስተኛው ቀን

ከወገዳ ወደ እስቴ የሚሄደው አውቶቡስ ጥሩ ነበር፤ ወሬም አምሮን ነበር። ስቶያን ፈቃዱ ሲታደስ ለመሪጌታ አልጋ እልካለሁ ይላል። የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ ሁሉም ይውረድ ተባለ።

ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጨዋ። ጥቅሉን ፍቱ አለ፤ ፈታሁ። እንዲያውም ኮራ ብዬ ነው የፈታሁት። «ባዶ ነው፤ ሊጻፍበት የሚሸጥ» አልኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አነሳ። መሀል ላይ ቀዩ ቀለም ብቅ አለ።

ስቶያንን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ለመሪጌታ ጠቅልሎ ሲያስረክብ አንዱን አስቀርቶ ባዶዎቹ መሀል አስገብቶታል።

«ይኼስ?» አለ ጠባቂው።

«የኔ ነው» አለ ስቶያን። «ስሜ አለበት።»

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን መስመር አየ፤ የቀረውን ባያነብም ስሙን ለይቶ አገኘ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «ደግሞ ስምህን ጻፍክበት?»

የምችለውን ሁሉ አልኩ። አዲስ መሆኑን፣ የኔታ የሚባሉ ሰው መኖራቸውን፣ ጸሎት መሆኑን። ስልክ ደውሎ እንዳያጣራ ኔትወርክ የለም። «እኅቴ፣ እኔ ግዕዝ አላውቅም» አለኝ በመጨረሻ፣ ሳይቆጣ። «የማላውቀውን ጽሑፍ ፈረንጅ ይዞት ሲያልፍ ዝም ካልኩ፣ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ስንት መጽሐፍ በዚህ መንገድ እንደወጣ ታውቂያለሽ።» አውቃለሁ። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እይዘው ነበር። ሃያ አንዱም ብራና በደረሰኝ ተያዘ፤ አዋቂ አይቶ ቅርስ አለመሆኑን እስኪመሰክር።

ስድስተኛው ቀን

መካነ ኢየሱስ ከቢሮ ቢሮ ስንል ዋልን። የሚመረምሩት ባለሙያ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ናቸው፤ የሚመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ኅዳር የቀረው ስምንት ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።  «ሞኝ ነህ» አልኩት። «ሃያ ባዶ ብራና በእጅህ ይዘህ! ለአንድ ቁራጭ ቆዳ ብለህ!»

የኬላውን ደረሰኝ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሮማን፣ ዘጠኝ ዓመት ስሜ የሚጻፈው ማመልከቻ ላይ ነው። ፈቃድ ላይ፣ ቅጣት ላይ፣ ኪራይ ውል ላይ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ነው የሚጽፉት። የኔታ ግን ለኔ ነው የጠየቁት።» ከዚያ በእንግሊዝኛ ጨመረ፤ «ትቼው ልሄድ እጄ ከለከለኝ።»

 ውሸቱን የጀመርኩት እኔ፣ የተቆጣሁት እኔ። ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ነገሩን ከሰው ሰምታ ኖሮ፣ ማታ ሳናዝዝ ምስር ወጥ ይዛ መጣች። «ብሉ፤ አለመብላት ነገር አያቀናም» አለች። ስቶያን በላ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እንጀራ ቆረስኩለት።

ሰባተኛው ቀን እና ከዚያ ወዲህ

በደብረ ታቦር አድርገን ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ስለዚያ ቀን የምጽፈው የለኝም፤ ሁለታችንም መስኮት መስኮት እያየን ነው የመጣነው።

ፈቃዱ አልታደሰም። በታኅሣሥ አጋማሽ ሸኘሁት። ዘጠኝ ዓመቱ በሁለት ሻንጣ ገባ። አከራዩ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ መጡ፤ ከልባቸው አዘኑ፤ «ፈረንጁ ሆይ፣ እንዳትረሳን» አሉት። ደብዳቤው ከመካነ ኢየሱስ የመጣው እሱ በሄደ በአሥረኛው ቀን ነው። ብራናዎቹ ቅርስ አለመሆናቸው ተረጋግጧል፤ ባለንብረቱ በአካል ቀርቦ ይረከብ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ኔትወርክ ተመልሶ የኔታ ጥበቡ ከጎረቤት ስልክ ነው የደወሉት። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጫማዬ ሳይቀር ጠየቁኝ። እማማ ዘውዴ ከኋላ ሰላምታ ያቀብላሉ።

«መጽሐፉ ተጀመረ ወይ?» አሉኝ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። መሪጌታ «ዐይናቸው እየደከመ ነው» ያሉኝ ትዝ አለኝ። «ተጀምሯል፣ የኔታ» አልኩ።

«እሰይ። ያ ልጅስ እንዴት ነው? እሑድ እሑድ በቅዳሴ ስሙን እጠራዋለሁ።» ቀጠል አድርገውም፣ «አገራችንን ለመደው?»

«ለመደ፣ የኔታ።»

«ተመስገን» አሉ።